በገጹ ላይ የቀረው ስም

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው ልጄ ለነስረዲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከማኩረፉ በቀር የሚያሳስብ ነገር የለኝም። ያለህበትን አገር ብርድ አላህ ያቅልልህ፤ በወጣህበትም በገባህበትም ደግ ሰው ያቁምልህ።

በቴሌግራም ቁርጥራጭ መላላክ እንደማልወድ ታውቃለህ። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ሰላምታው ከነማዕረጉ ካልተጻፈ ነገሩ የተነገረ አይመስለኝም። ስለዚህ በኢሜይል ቢመጣም ደብዳቤ ነው ብለህ ተቀበለኝ።

መጀመሪያ የሚያሳዝነውን ልንገርህ። የኮንዶሚኒየማችን የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ በሱፍቃድ ከመስቀል በፊት አረፉ። ታመው አልሰነበቱም። ማለዳ ግቢው ውስጥ የተከሏቸውን ችግኞች ውኃ አጠጥተው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። የግቢው ሰው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እስከ ልደታ ማርያም ሸኛቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ባለፈው እሑድ ነዋሪው ተሰብስቦ አቶ ዓብዱልሰላምን ሊቀመንበር አደረገ። ያ ጎማ ነጋዴው፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው። እኔን ደግሞ ጸሐፊ አሉኝ። "ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው!" ብለው እጃቸውን አወጡብኝ።

የጸሐፊነቴ የመጀመሪያ ሥራ አንተን ማስቸገር ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ቪዛህ ዘግይቶ እኔ ቤት በከረምክ ጊዜ፣ ከአቶ በሱፍቃድ ጋር ሆናችሁ የሠራችሁት የማኅበሩ ድረ ገጽ ዛሬም ይታያል። ሰው የውኃ ተራውንና የጽዳት ተራውን የሚያየው ከዚያ ላይ ነው። ግን ከላይ "ሊቀመንበር፦ አቶ በሱፍቃድ" ይላል፤ ከሥሩም ስልካቸው አለ። ገጹን መለወጥ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። እባክህ ስማቸውን አንሥተህ የአቶ ዓብዱልሰላምን ስምና ስልክ አስገባልን።

የአያትህና የእናቴ ዝምድና ሲቆጠር ሩቅ ነው፤ አንተ ግን ለእኔ ሩቅ አይደለህም። ደህና ሁንልኝ።

አክስትህ ሀሚዳ


ትሮምሶ፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ ሀሚዳ፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎንስ ሐኪም አየልዎ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው።

የአቶ በሱፍቃድን ዜና ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ያን ክረምት ጠዋት ጠዋት የእርስዎን በር አንኳኩተው "ያ ፈረንጅ ሊሆን የተዘጋጀው ልጅ ተነሣ?" ይሉ የነበረው በጆሮዬ መጣ። ገጹን ስንሠራ አንድ ሙሉ ቀን የተከራከርነው ስለ ፎቶው ነበር። እኔ የሕንፃው ፊት ይሁን አልኩ። እሳቸው "ሕንፃማ የትም አለ፤ ግቢያችንን አሳይ" አሉኝ። ከእርስዎ በረንዳ ላይ ሆኜ ወደ ማታ ያነሣሁት እሱ ነው።

እዚህ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጹን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ለጸሐፊነትዎ አንድ ምክር ላዋጣ። ብዙ ሰው ገጽ መቼ መታደስ እንዳለበት ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ በየቀኑ ይነካካዋል፤ አንዳንዱ ሠርቶ ይረሳዋል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሰው አምኖበት እግሩን የሚያነሣበት ነገር ሲለወጥ፣ ገጹም በዚያው ቀን ይለወጥ። ስልክ፣ የኃላፊ ስም፣ የውኃ ተራ፣ የስብሰባ ቀን። ሌላው ጌጥ ነው፤ ቢዘገይም ማንንም አይጎዳም።

ያዘዙኝን በዚህ ሳምንት አደርሳለሁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለወይዘሮ ጠጅቱ ኀዘኔን ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ነስረዲን


ልደታ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነስረዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ምክርህን ለአቶ ዓብዱልሰላም አነበብኩለትና ራሱን ነቀነቀ፤ "ይኼ ልጅ ጎማ ቢነግድ ያዋጣዋል" አለ።

ገጹን እስካሁን አልነካኸውም፤ አይቻለሁ። ለበጎ ሆነ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ስማቸው ከመነሣቱ በፊት ለወይዘሮ ጠጅቱ መንገር ይገባል ብዬ፣ አርባው ሲያልፍ ወደ ቤታቸው ወጣሁ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ እንደሆኑ ታውቃለህ። በሩ ገርበብ ብሏል። ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁ።

"አቤት፣ አዎ የበሱፍቃድ ስልክ ነው። እሳቸው ለጊዜው የሉም፤ ምን ልበልልዎ?"

እጃቸው ላይ ያለው የሟቹ ስልክ ነው። እኔን ሲያዩ አልደነገጡም። "ሀሚዳ፣ በጥሩ ሰዓት መጣሽ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ እየፈሰሰ ነው ብለዋል፤ ለዓብዱልሰላም ንገሪው" አሉኝ።

"የሚደውሉት መሞታቸውን አያውቁም እንዴ?" አልኳቸው።

"አንዳንዱ አያውቅም። የሚያውቀውም ይደውላል። ያለው ቁጥር ይኼ ነው በቃ።" ከዚያ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉትና፣ "ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ዝም ቢል ኖሮ ይኼ ቤት ይበላኝ ነበር" አሉ።

ለምን እንደመጣሁ ሳልናገር ወረድኩ። ልጄ፣ መዝገብ ቤት ሳለሁ የሞተ ሰው ስም ከመዝገብ ላይ አይፋቅም ነበር፤ ከፊቱ "ሟች" ይጻፍበታል እንጂ። እዚህ ግን ምን እንደሚጻፍ አላወቅኩም። ስለዚህ ለጊዜው ተወው። መቼ እንደሚነሣ እኔ እነግርሃለሁ።

ደግሞ ሥራ ደህና፣ ጤና ደህና ብለህ አለፍክ። ከማን ጋር ነው የምትበላው? አብሮህ የሚቀመጥ ሰው አለ?

አክስትህ ሀሚዳ


ትሮምሶ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። መልሴ በመዘግየቱ አይቀየሙኝ።

ተወው ስላሉኝ ደስ አለኝ። ገጹን ስማቸውን ላነሣ ብዬ ደጋግሜ ከፍቼው ነበር። ጠቋሚዋ ስማቸው መጨረሻ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል አያታለሁ፤ ከዚያ እዘጋዋለሁ።

እዚህ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ወርዳ ቀርታለች። እስከ ጥር አትወጣም። ጨለማ ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፤ በረዶውም ሰማያዊ፣ ባሕሩም ሰማያዊ፣ የሚያልፈው ሰው ፊትም ሰማያዊ። ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመጣል። ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲያናግረኝ እንኳ ከወዲያኛው የባሕር ዳርቻ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ጥቂት ቆይቶ ያም ብርሃን ይሄዳል።

ያን ጊዜ የማኅበሩን ገጽ እከፍታለሁ። ማንበቤ አይደለም፤ ፎቶውን ነው የማየው። የተሰጡት ልብሶች፣ የጋራ መጠቀሚያው የኮሚናሉ ቆርቆሮ፣ ከወዲያ የፍርድ ቤቱ ግንብ። ረዘም አድርጌ ካየሁት ልብሶቹ የሚወዛወዙ ይመስለኛል። አንድ ቀን እንዲሁ እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝና አቶ በሱፍቃድን አየኋቸው። ችግኞቹን ያጠጣሉ። ውኃው ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ቀና ብለው አዩኝና ሊናገሩ ሲሉ ነቃሁ።

የእርስዎ በረንዳ ላይ አሁንም ጤና አዳም አለ?

ነስረዲን


ልደታ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነስረዲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ሕልምህን አላህ ኸይር ያድርገው። ሟች ውኃ ሲያጠጣ መታየቱ ደግ ነው ይላሉ። ለወይዘሮ ጠጅቱ ብነግራቸው እንባቸው መጣ፤ ቀጥለው ደግሞ "ቧንቧውን መልሶ ዘጋው ወይስ እንደ ልማዱ ረሳው?" ብለው ሳቁ። ጤና አዳሙ አለ።

የዛሬው ጉዳዬ ቀላል ነው። የውኃ ተራችን ተለውጧል፤ ከማክሰኞና ዓርብ ወደ ሰኞና ሐሙስ ሆኗል። ገጹ ግን የድሮውን ይላል። ሰዉ ማክሰኞ ጄሪካኑን ደርድሮ ቆሞ ውሎ ይመለሳል። በር ላይ ወረቀት ብለጥፍ ዝናብ ሳይመጣ ነፋስ ወሰደው። አንተው ራስህ እግር የሚያስነሣ ነገር በዚያው ቀን ይለወጥ ብለኸኝ የለ? ስሙን ተወው፤ የውኃውን ቀን ግን ዛሬውኑ አስተካክልልኝ።

የገናም በዓል እየደረሰ ነው። በግ የሚያርድ ሰው ኮሚናሉ ውስጥ እንጂ ደረጃው ሥር እንዳያርድ ማስታወቂያ ጨምርልኝ። አምና የሆነውን አላነሣልህም።

ከማን ጋር እንደምትበላ አሁንም አልነገርከኝም።

አክስትህ ሀሚዳ


ልደታ
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነስረዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ላለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልሰጠኸኝም። ይኼንን ግን እንዳነበብክ አንድ ነገር አድርግ።

አራተኛ ፎቅ ያሉትን አቶ ሀብተሥላሴን ታስታውሳቸዋለህ፤ ጡረተኛው መምህር፣ ቼዝ ያጫወቱህ። ልጃቸው ኢያኤል ሐዋሳ ነው የምትሠራው። የገና ዕለት ጠዋት "እንኳን አደረሰህ" ልትላቸው ደወለች። አያነሡም። ደጋግማ ደወለች። አባቷ ሁልጊዜ "ከተቸገርሽ የማኅበሩ ገጽ ላይ ስልክ አለ" ይሏት ነበርና ገጹን ከፈተች። እዚያ ላይ ያለውን ቁጥር መታች።

ወይዘሮ ጠጅቱ ለበዓሉ ቢሾፍቱ እኅታቸው ዘንድ ሄደዋል። ከባላቸው ሞት በኋላ ከቤት ውጭ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ እኔው ነኝ "ሂዱ፣ ይሻልዎታል" ብዬ የገፋፋኋቸው። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተው እዚያው ረሱት።

ልጄ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። ልብስ ላሰጣ ወደ ላይ ስወጣ በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ ይጮሃል። ስወርድም ይጮሃል። ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮኽ ስልክ የወፍ ድምፅ ይመስላል። እንዲያውም ቆም ብዬ አዳመጥኩትና፣ "ዛሬም እንኳን አደረሰዎ የሚላቸው ሰው አላጡም" ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ዓብዱልሰላም ጎረቤቱን ለገና ሲጠይቅ አቶ ሀብተሥላሴ በር ደረሰ። አንኳኳ። ዝም። ሊመለስ ሲል ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉን ሲፍቅ ሰማ። እኛም ተጠርተን ወጣን፤ ከጌጃ ሰፈር ብረት ሠሪ ተጠርቶ መጥቶ ቁልፉን ሰበረው። ሽማግሌው ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ወድቀዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። በሩን ለመድረስ በክርናቸው እየተሳቡ ነበር። ሲያዩን "ይቅርታ፣ በበዓል አስቸገርኳችሁ" አሉ።

በሕይወት አሉ። ሆስፒታል ተኝተዋል። ግን ያን ሁሉ ሰዓት ብቻቸውን።

አሁን ቁጥሩን ቀይረው። የአቶ ዓብዱልሰላምን አስገባ። ማንንም አልጠይቅም፤ ማንንም አላስፈቅድም።

ሀሚዳ


ትሮምሶ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ ሀሚዳ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገርዎ። የአቶ ዓብዱልሰላም ስልክ ዛሬ ከላይ ገብቷል። የውኃው ቀን ተስተካክሏል። የአቶ በሱፍቃድን ስም አላጠፋሁም፤ ወደ ታች አውርጄዋለሁ። እሱን የምትወስኑት እርስዎና ወይዘሮ ጠጅቱ ናችሁ።

አሁን የዘገየሁበትን። ሥራ ደህና ነው ያልኩዎት ውሸት ነበር፤ ያን ጊዜም ራሴን እየጎተትኩ ነበር የምሄደው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ሥራ አልሄድኩም። ያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጤ ገብቶ የቀረ ይመስለኛል። እነቃለሁ፣ አልነሣም። ስልኬን ዘግቼው ነበር፤ ኮምፒውተሩንም አልከፍትም። ከማን ጋር ትበላለህ ብለው ሲጠይቁኝ መልስ ያጣሁት ስለማልበላ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት አለች። ብዙ አንነጋገርም ነበር። ባለፈው ሳምንት አድራሻዬን ከአለቃችን ተቀብላ፣ የዓሣ ሾርባ በድስት ይዛ በበረዶው መጣች። ስከፍትላት "ልብስህን ልበስ" ብቻ አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። በማግስቱም መጣች። ኢሜይሌን የከፈትኩት እሷ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳህን እያጠበች ሳለ ነው። የእርስዎን የመጨረሻ ደብዳቤ ሳነብ ድምፄን ሰምታ ወጣች። ተረጎምኩላት። እጇን ሳታደርቅ ትከሻዬ ላይ አስቀምጣ፣ "ታዲያ ቀይረዋ" አለችኝ።

አክስቴ፣ የዚህ ገጽ በር በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ስሕተት ነው፤ ያውም በእኔ እጅ። ፓስዎርዱን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። እንዴት እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ። ለአቶ ዓብዱልሰላምም ይስጡት። አንዱ ቢተኛ ሌላው ይንቃ።

ለአቶ ሀብተሥላሴ ምን እንደምል አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ ይበሉልኝ።

ነስረዲን


ልደታ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው ልጄ፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ያችን ባለ ሾርባዋን ሴት አላህ ጀነት ይስጣት። ስሟን ላክልኝ፤ በዱዓዬ ውስጥ አስገባታለሁ። ያለፈውን ደብዳቤዬን በቁጣ ነበር የጻፍኩት፤ ተኝተህ እንደነበር አላወቅኩም። ሕመም አያሳፍርም። መድኃኒትህን አትተው፤ ብላ።

ስለ ስብሰባው ልንገርህ። ነዋሪው ኮሚናሉ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ኢያኤልም ከሐዋሳ መጥታ ከኋላ ቆማለች። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ወለተሰንበት ተነሥተው፣ "ጸሐፊ ተብለሽ የሟች ስልክ ታስቀምጫለሽ?" ብለው በሰው ፊት ተቆጡኝ። አንገቴን ደፋሁ። ልክ ነበሩ።

ከዚያ ኢያኤል ተናገረች። አልጮኸችም። "እኔ የደወልኩት የሞተ ሰው ስልክ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ አሁን ያነሡታል፣ አሁን ያነሡታል እል ነበር" አለች።

ወይዘሮ ጠጅቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከቢሾፍቱ ከተመለሱ ወዲህ ከቤት አልወጡም፤ ለስብሰባው ይመጣሉ ብሎም የጠበቀ አልነበረም። ቀስ ብለው ተነሡ።

"አይደለም ልጄ" አሉ። "የሞተ ሰው ስልክ አይደለም የደወልሽው። የእኔን ስልክ ነው። ጥዬው ሄጄ ነው።"



"ባሌ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶም ያነሣው ነበር" አሉ ቀጥለው። "እኔ ግን በእሱ ስም እያነሣሁ እንደ ጨዋታ አደረግኩት። የሱ ስም ይነሣ። የእኔን ጻፉበት። ስሜ ካለበት ጥዬው አልሄድም፤ የምሄድ ከሆነም ለሀሚዳ ሰጥቼ እሄዳለሁ።"

ኢያኤል መጣችና አጠገባቸው ቆመች። አላቀፈቻቸውም፤ ልቧ ገና አልተመለሰም ነበር። ነጠላቸው ከትከሻቸው ላይ ሲንሸራተት ግን መለሰችላቸው። አቶ ዓብዱልሰላም "የሚቃወም አለ?" አለ። እጅ አልወጣም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ይዤ ወደ እሳቸው ቤት ወጣሁ። መመሪያህን ከፊቴ ዘርግቼ ገባሁ። የአቶ በሱፍቃድ ስም ከታች አለ። "እርስዎ ይጫኑት?" አልኳቸው። "አንቺው አድርጊው፤ እኔ አያለሁ" አሉ። ከመጨረሻው ሆሄ ጀምሬ አንድ በአንድ አጠፋሁ። ድ፣ ቃ፣ ፍ። እሳቸው ስሙን ወደ ኋላ የሚያነቡ ይመስል ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ባዶ ሲሆን በመስኮቱ በኩል ከግቢው የልጆች ድምፅ ገባ።  ከዚያ "በይ እንግዲህ" አሉኝ፤ ጻፍኩ፦ "የማኅበሩ ስልክ፦ ወይዘሮ ጠጅቱ። ካልተነሣ፦ አቶ ዓብዱልሰላም።"

ሳይውል ሳያድር ተደወለላቸው። "አቤት፣ ጠጅቱ ነኝ" አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ፣ ከዚያ ቀና።

አክስትህ ሀሚዳ


ትሮምሶ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ደህና ነኝ ስል አሁን እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ሥራ ግማሽ ቀን ጀምሬያለሁ። ባለ ሾርባዋ ስሟ ኢንገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት እበላለሁ፤ ባለፈው ጊዜ እኔ ምስር ሠርቼላት ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ በርበሬው በዛባት፤ ግን ጨረሰችው። ፀሐይም ተመልሳለች። ጣሪያዎቹ ላይ ብርቱካን መስላ ትቀመጣለች፤ ሰዉ ሥራውን አቁሞ መስኮት ላይ ቆሞ ያያታል።

ገጹን አየሁት። አንድ ቦታ ብቻ፣ የውኃ ተራው ላይ ያለውን እንደገና ሲጽፉት "ሰኞና ሐምሌ" ብለውታል። እኔ ማስተካከል እችል ነበር፤ አልነካሁትም። የእርስዎ ነው።

አቶ ሀብተሥላሴ መቼ ይመለሳሉ?

ልጅዎ ነስረዲን


ልደታ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው ልጄ ለነስረዲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሐምሌዬን አስተካክያለሁ። ግቢው ለሁለት ቀን ስቆብኛል፤ ቤካ የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ባገኘኝ ቁጥር "እትዬ ሀሚዳ፣ ውኃው ሐምሌ ነው የሚመጣው?" ይለኛል።

ዛሬ የሆነውን ሳልነግርህ አላድርም።

አቶ ሀብተሥላሴ ከሆስፒታል ወጡ። ዛሬ ጠዋት ኢያኤል ለወይዘሮ ጠጅቱ ደውላ፣ "ከሰዓት በኋላ አመጣዋለሁ፤ ግን አራተኛ ፎቅ በምን ይወጣል?" አለቻቸው። ሊፍት የለን፣ እሳቸው ገና አይረግጡ። ወይዘሮ ጠጅቱ ወረዱና በሬን አንኳኩ። "ጻፊው" አሉኝ። እኔም ጻፍኩ፦ "ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አቶ ሀብተሥላሴ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አራተኛ ፎቅ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በር ላይ ይገኝ።"

ሦስት አራት ሰው ቢመጣ ብዬ ነበር። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሳይ ከሁሉም ብሎክ ሰው ይመጣል። የፍርድ ቤት ሠራተኞች ከነከረባታቸው፣ ሱቋን ዘግታ የመጣችው ነስሪን፣ የማላውቃቸው ተከራዮች። ወይዘሮ ወለተሰንበት እንኳ መሸከም ባይችሉ ደረጃውን ጠርገው ቆመዋል። አቶ ዓብዱልሰላም ሰዉን በየፎቁ ደረደረው።

መኪናዋ ደረሰች። ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀምጠው አነሡ። ልጄ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንዱ ፎቅ ሲደክመው የላይኛው ይቀበላል። ማንም አይጮኽም፤ "ቀስ፣ ቀስ" ብቻ ይባባላሉ። የከሰዓቱ ፀሐይ በደረጃው ክፍተት እየገባ በሽማግሌው ፊት ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሽቅብ ይንሳፈፋሉ። በእኔ በር ሲያልፉ ዓይናቸውን ገለጡና "ሀሚዳ፣ እየበረርኩ ነው?" አሉኝ። "አዎ መምህር፣ እየበረሩ ነው" አልኳቸው።

ወይዘሮ ጠጅቱ ከፊት ከፊት ይወጣሉ። ስልኩ ይጠራል፤ ያነሣሉ። "ጠጅቱ ነኝ። አዎ፣ ሦስተኛ ደርሰናል።" ይዘጋሉ። እንደገና ይጠራል።

አልጋቸው ላይ ሲያርፉ ኢያኤል ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ወይዘሮ ጠጅቱ ስልኩን ለእኔ ሰጥተው ሄዱና አጠገቧ ተደገፉ። ይኼን ጊዜ ልጅቱ ራሷ አቀፈቻቸው። ያንተንም ይቅርታ ለመምህር ነገርኳቸው፤ "ቼዙን ገና አልጨረስንም በይው" አሉ።

ቤቴ ወርጄ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ማስታወቂያውን ከገጹ ላይ አነሣሁት። ከሥራ የሚመለስ ሰው አይቶት ያለ ጥቅም እንዳይሮጥ። 

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ቤካ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ ያለከልካል። መንገድ ተዘግቶበት ታክሲውን ሜክሲኮ አደባባይ አቁሞ በእግሩ ሮጦ ነው የመጣው።

"አለቀ እንዴ? አልደረስኩም?"

"ገብተዋል" አልኩት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ሲያዝን አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ከላይ ኢያኤል ወደ ታች አንገቷን አውጥታ፣ "እትዬ ሀሚዳ፣ ረስቼው፤ አባቴ ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው፤ መውረድ አለበት" አለችኝ።

ቤካ ቀና አለ።

ኮምፒውተሩን መልሼ ከፈትኩት።

አክስትህ ሀሚዳ